ሸክላው ላይ ያልነበረው ስንኝ

ለውድ ወንድሜ ለሽሪፓድ፣

ባሕር ማዶ ያለኸው ወንድምዓለሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጨጓራህ ዛሬም ያስቸግርሃል ወይስ ትንሽ ለቀቅ አደረገህ? ናሊኒስ ደህና ናት? ማዱራ በቁመት እናቷን በለጠች ወይስ ገና እየተከተለቻት ነው? የማስካት ሙቀትስ እንዴት አደረጋችሁ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብዬ አምኜ ነው የምጽፈው። ባትሆኑም ደህና ነን ብላችሁ ጻፉልኝ፤ ዘንድሮ ሌላ ክፉ ወሬ የምሸከምበት ትከሻ የለኝም። እኔን ከጠየቅህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ምስሩን ግን ዛሬም ለሦስት ሰው ነው የምቀቅለው፤ እጄ አልለመደም። ከአክስታችን ጋር ተፋጥጠን እንበላለን፤ የተረፈውን ማን ወደ ጓዳ ይመልሰው ብለን እንተያያለን።

ሽሪ፣ ቴሌግራሜ የደረሰህ እማማ አመድ ከሆነች በኋላ መሆኑን ከመልስህ ተረዳሁ። «ፈቃድ ከለከሉኝ፣ ፓስፖርቴም እነሱ እጅ ነው» ያልኸውን ደጋግሜ አነበብሁት። ይብቃህ፤ ራስህን አትብላ። እሳቱን የአጎታችን ልጅ ቫሳንት ለኮሰ። አንተ ብትለኩሰው ደስ ይላት ነበር፣ ስላልመጣህ ግን አላዘነችብህም። ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ እንዳይመስልህ፤ እኔ ማጽናናት እንደማላውቅበት ታውቃለህ። የማውቀው ነገር ስላለ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ካሴት አለ። አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትነካው፣ በእማማ ሞት!

ያን የእማማን ዘፈን ስንት ዘመን ፈለግነው! ትዝ ይልሃል፣ ገና ልጆች ሳለን ጠዋት ጠዋት የሲሎን ሬዲዮ የድሮ ፊልም ዘፈን ሲያሰማ እማማ ቂጣ የምንጠብቀውን እኛን ትታ የሊጥ መዳመጫዋን እንደያዘች ቀጥ ትል ነበር። አስተዋዋቂው የፊልሙን ስም ሲጠራና የሷ ሳይሆን ሲቀር መዳመጫው እንደገና ሊጡ ላይ ይንከባለላል። እኔና አንተ እንተያያለን። ከዚያም ዘፈኑን አጫውቱልን ብለን ስማችንን ደርድረን ለሬዲዮው እንጽፋለን፤ የጎረቤቱን ልጆች ስም፣ የድመቷን ስም ሳይቀር! አንድም ቀን አልተጫወተልንም። አንተ ደግሞ በትምህርት ቤት «እናቴ ፊልም ላይ ዘፍናለች» ብለህ፣ ያ ወፍራሙ ልጅ «እንግዲያው አባቴ የእንግሊዝ ንጉሥ ነዋ!» ብሎህ፣ አፍንጫህ እየደማ ቤት ገባህ። አባባ ያን ቀን ያላትን አልረሳሁም። «ዘፍኛለሁ ካልሽ ሸክላው ላይ ስምሽን አሳዪና!» አላት። እሷም ቀና ሳትል፣ «በዚያን ጊዜ የዘፋኟን ስም አይጽፉም ነበር። ፊልሙ ላይ ያለችውን ልጅ ስም ነው የሚጽፉት። ማልቲ ብለው ነው የጻፉት» አለችው። አባባም ሳቀ። አክስታችንም ሳቀች። እውነቷን እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

እስከ መጨረሻው ድረስ ያልነገረችህን ዘንድሮ ለኔ ነገረችኝ። የሰኔው ዝናብ ሲገባ ሐኪሙ «ልቧ ደክሟል፣ ደረጃ አትውጣ፣ አትናደድ» አለ። ደረጃውንስ ተወችው፤ አክስታችን ባለችበት ቤት አለመናደድ ከየት ይመጣል? ያን ሰሞን አልጋዋ ላይ ሆና ታወራ ነበር። ቦምቤይ ሳለች ማንዳ ነበር ስሟ። አባቷ በፊልም ቤት ሃርሞኒየም መቺ ስለነበር እሷን ከተቀባዮቹ ጋር ከኋላ አቆማት። አንድ ቀን ዋናዋ ዘፋኝ ጉሮሮዋ አብጦ ቀረች፤ ዜማ ደራሲውም «አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው ቀጭኗ፣ ወዲህ ነይ» አላት። እግሯ እየተንቀጠቀጠ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች፤ ዘፈነችም። ፊልሙ ሳይወጣ ለአባባ ተዳረች። በሠርጓ ዕለት አባባ እንደ ወጋችን በሰሃን ሩዝ ላይ በቀለበቱ አዲስ ስም ጻፈላት፤ አናፑርና፣ እህል የሞላት። እንዲህ አለችኝ፦ «ዘፋኟ ማንዳ ነበረች ልጄ። አናፑርናማ ምስር መቀቀል እንጂ ምን ታውቃለች?»

ፊልሙ ኢንዶር ሲመጣ «የደህና ሰው ምራት ሲኒማ ቤት አትሄድም» ተብላ ቀረች። እሱም ብዙ ሰው ሳያየው ወረደ። ግን አንድ ጠዋት ወተት ሻጩ በር ላይ ወተቱን እየሰፈረ ያንን ዘፈን ሲያንጎራጉር ሰማችው! «ማሰሮውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ» አለችኝ። «‹የኔ ነው› ልለው ፈልጌ ነበር። አማቴ ከኋላዬ ቆማ ነበርና ‹ውኃ አብዝተህበታል› አልሁት»። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ግን አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ ያላት ማስረጃ ያ ወተት ሻጭ ብቻ ነበር። ድምፄ በአንድ ሸክላ ላይ በዓለም የሆነ ቦታ ተቀምጧል ብላ ታምን ነበር። «ሳልሞት አንዴ ብሰማው፣ ለሽሪም ቢደርሰው» አለችኝ። ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፣ ሽሪ። በዕድሜዋ ሙሉ የጠየቀችኝ ይህችን ብቻ ነው።

እግዜር ሲፈቅድ ጥርሴን አመመኝ። የጥርስ ሐኪሙን ዶክተር ሌሌን አታውቀውም፣ አንተ ከሄድህ በኋላ ነው የመጣ። ጉደኛ ሰው ነው! በሽተኛው አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት ሲያቅተው የድሮ ዘፈን ያሰማዋል። እሑድ እሑድ ጠዋት ቤቱ እንደሱ ያበዱ ሸክላ ሰብሳቢዎች ይሰበሰባሉ። ወጋቸውም ይኼ ነው፦ እያንዳንዱ ሌላው የማያውቀውን ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ ሲጫወት አንድ ሰው እንኳ አውቆት እጁን ካወጣ ባለ ሸክላው አፍሮ ይቀመጣል። ማንም እጁን ካላወጣ ግን ያን ቀን ሙሽራው እሱ ነው። እኔም ጥርሴን ነቅሎ ሲጨርስ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ፣ የእማማን ነገር ነገርሁት። የዘፈኑንም መጀመሪያ፣ እማማ እንደነገረችኝ፣ እንደምንም አዜምሁለት፦

ክረምቱ ገባልኝ፣ ዥዋዥዌው ታሰረ፣
የሚገፋኝ እጁ ወዴት ነው የቀረ?

ዶክተሩ መቆንጠጫውን አስቀመጠና «ድገሚው» አለኝ። በደነዘዘ አፍ ደገምሁት። በሚቀጥለው እሑድ ሰዎቹን ሁሉ ጠየቃቸው፤ አንድም እጅ አልወጣም። አልተወውም። በየከተማው ላሉት ሸክላ ወዳጆቹ መልእክት ሰደደ፤ ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲጋመስ ቡርሃንፑር ከአንድ የሠርግ ባንድ አለቃ ቤት ተገኘ። ሰውዬው ለነፊዎቹ ዜማ ማስጠኛ ይዞት የኖረ ነው። ዶክተሩ ራሱ በአውቶቡስ ሄዶ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣው። አየሁት፤ ጫፉ ትንሽ ተሸርፏል፣ የፊልሙ ስም አለ፣ ከሥሩ «ማልቲ» ይላል። ልክ እንዳለችው! አባባ በሕይወት ኖሮ ባሳየሁት፣ ምን ይል ነበር?

እሑድ ጠዋት ዶክተሩ ሸክላውን፣ ግራሞፎኑንና ቴፑን ይዞ ቤታችን መጣ፤ ቴፑ ላንተ መቅጃ ነበር። እማማ ከማለዳ ጀምሮ አላስቀመጠችኝም። አረንጓዴ ሳሪዬን አምጪ፣ ጠጉሬን አበጥሪልኝ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ። «የሚሰማ ነው እንጂ የሚታይ አይደለም እኮ» ብላት «ዝም በይ፣ ከራሴ ጋር ልገናኝ አይደል?» አለችኝ። አክስታችን ደግሞ «የሲኒማ ዘፈን በዚህ ቤት!» ብላ ጸሎት ክፍሏ ገብታ ደወሏን ከወትሮው ይልቅ ታንቃጭለው ጀመር።

ሸክላው ዞረ። መጀመሪያ ክላርኔት፣ ከዚያ ድምፁ መጣ። ወፍራም፣ የማር ድምፅ ነው። እኔ ሞኟ በእንባ ታጥቤ «እማማ፣ አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ!» እላለሁ። ቀና ብዬ ሳያት እጇ ጉልበቷ ላይ ቀጥ ብሏል። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብላ ሰማች። ሲያልቅ ዶክተሩን አየችውና እንግዳ እንደምታስተናግድ በትሕትና፣ «ቆንጆ ድምፅ ነው። የማን ነው?» አለችው።

ወይኔ ሽሪ! የአክስታችን ደወል ብቻ ነው የሚሰማው። ዶክተሩ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራት። በዚያን ዘመን የፊልሙ ቀረጻ ሌላ፣ የሸክላው ቀረጻ ሌላ ነበር። ፊልም ቤቱና ሸክላ ቤቱ በዘፋኟ ካልተስማሙ ለሸክላው ሌላ ሴት ይጠራሉ፤ ከላዩ ላይ የሚጻፈው ያው የፊልሟ ልጅ ስም ስለሆነ ማንም አይለይም። «እኔ ማሰብ ነበረብኝ እናቴ፣ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ጉጉቴ ነው ያሳወረኝ» አላት። ማልቲ ሁለት ሴት ኖራለች፤ የእማማ ድምፅ የነበረው ፊልሙ ላይ ብቻ ነው።

«ፊልሙስ?» አለች።

ዶክተሩ ወለሉን አየ። የድሮ ፊልም ካረጀ በኋላ በላዩ የተቀባውን ብር አጥበው ለሚያወጡ ሰዎች ይሸጥ እንደነበር፣ የተረፈው የፊልም ልጥ ደግሞ አምባር ለሚሠሩት እንደሚሰጥ፣ የዚህኛውም ዕጣ ይኸው እንደሆነ ነገራት። እማማ እጆቿን አነሣችና አየቻቸው። አባባ ከሞተ ወዲህ ባዶ ናቸው፣ ታውቃለህ። «እንግዲያው ገበያ ወርጄ የገዛሁት አምባር ምናልባት እኔው ነበርሁ» አለች። «ራሴን አጥልቄ ምስር ሳማስል ኖሬያለኋ! ባሌ ሲሞት ደግሞ ሰበሩብኝ»። ብላም ሳቀች፤ የእውነት ሳቅ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ። እኔ ግን ምነው ጥርሴን ባላመመኝ፣ ምነው የምታምነውን ይዛ በሞተች አልሁ። ስጦታ ብዬ ያመጣሁላት ነገር በእጄ ቢላ ሆነ።

እሷ ግን እኔን አይታ «ምን ያነፋርቅሻል? የሞተ ሰው አለ?» አለችኝ። «ልጅቱ ጎበዝ ናት። ግን አንድ ቦታ ላይ ቸኩላለች። ድገሙትማ»። ዶክተሩም ቢያንስ ዜማው ለልጅሽ ይድረስ ብሎ ቴፑን ጫነ። «ይኸኛው ለሽሪ ነው እማማ» አልኋት። «ለሽሪ?» አለች፤ ትራሱን ትታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

በዚህኛው ዙር ዝም አላለችም። ከሸክላው ሥር ሥር፣ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ ትከተል ጀመር። «የሚገፋኝ እጁ» ከሚለው ላይ ስትደርስ የሸክላዋ ልጅ አለፈች፤ እማማ ግን እዚያው ቃሉ ላይ ቆየች፣ እጁ እስኪመጣ የምትጠብቅ ይመስል። ያኔ ገባኝ፣ ቸኩላለች ያለችው ይኼን ነው። ከዚያ ዘፈኑ አለቀ። መርፌው መሽከርከሪያው መሐል ገብቶ ሽሽ ይላል። ዶክተሩ ሊያነሣው እጁን ዘረጋና እንደዘረጋ ቀረ። እማማ አላቆመችም! ሸክላ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ፊልሙ ላይ ግን ሦስተኛ ስንኝ ነበረ፤ እሱን ከእማማ በቀር በምድር ላይ የሚያውቀው የለም። ዐይኗን ጨፍና ዘፈነችው፦

ገመዱ ቢበጠስ፣ ዛፉ ቢቆረጥም፣
ልቤ ላይ ታስሯል፣ ዥዋዥዌው አይቆምም።

ደወሉ ቆሟል። ዞር ስል አክስታችን በሩ ላይ ቆማለች፣ ሳሪዋን አፏ ላይ አድርጋ። «ይህን ሁሉ ዘመን ይህ ድምፅ የት ነበር?» አለች። እማማ ዐይኗን ሳትገልጥ «አንቺ በሩን ይዘሽ ቆመሽ በየት ይውጣ?» አለቻት። አክስታችን መጥታ እግሯ ሥር ተቀመጠችና እግሯን ትጨብጥላት፣ ታሽላት ጀመር። ያን ያየች ዐይኔ ሌላ ተአምር አትጠብቅም። ከዚያም እማማ ወደ ቴፑ ዘንበል ብላ ጥቂት ቃል ተናገረች። እኔ ቴፑ ጠፍቷል ብዬ ስላሰብሁ ለባዶ ሣጥን የምታወራ መሰለኝ።

ሳምንት አልሞላችም። ጠዋት ነው፤ ሬዲዮው በርቶ ነበር። ሻይ ላምጣልሽ ብዬ ገባሁ፤ ሻዩን ይዤ ስመለስ ሄዳለች። አልተጨነቀችም፣ ማንንም አልጠራችም። ስለዚህ ነገር ይህን ብቻ ልጻፍልህ፣ ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

በዐሥረኛው ቀን ወንዙ ዳር ሄድን። ሩዙን ድቡልቡል አድርገን በቅጠል ላይ አስቀመጥንና ራቅ ብለን ነፍሷ ማረፏን የሚያበስረውን ቁራ መጠበቅ ጀመርን። ቁራዎቹ ኒሙ ዛፍ ላይ ሞልተዋል፤ አንዱም አይወርድ። ካህኑ «አንድ ያልሞላላት ምኞት አለ፣ ቃል ግቡላት» አለ። ቫሳንት «ሽሪ ይመጣል፣ አመድሽን ናርማዳ ወንዝ ላይ እሱ ይበትናል» አለ፤ ዝም። ሌላው «ቫትሳላን እንጠብቃታለን» አለ፤ ዝም። ዘመዶቻችን እኔን ለመጠበቅ ቃል ሲገቡ ቁራው እንኳ አላመናቸውም! አክስታችን ወደፊት ወጣችና «በቤቱ ይዘፈን፣ አልከለክልም» አለች፤ አንዱ ቁራ አጥሩ ላይ ወረደ፣ አንገቱን አዘነበለ፣ ሩዙን ግን አልነካም። ፀሐዩ ሲበረታ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ምኞቷን አውቀዋለሁ፤ ድምፄ ለሽሪ ይድረስ ነው ያለችው፤ ድምፁ ደግሞ አምባር ሆኖ ቀርቷል። ምን ብዬ ቃል ልግባ? ሞታም ልዋሻት?

ያኔ ዶክተር ሌሌ ከኋላዬ መጣና በጆሮዬ «ቴፑን እኮ አላጠፋሁትም» አለኝ። «እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁሉም አለበት፣ እስከ መጨረሻው። ካልተረጋጋሽ አልነግርሽም ብዬ ነው»። ሩዙ አጠገብ ሄጄ በአባባ ሩዝ ላይ ባልተጻፈው ስሟ ጠራኋት። «ማንዳ» አልኋት፣ እናቴን! «ድምፅሽን ለሽሪ እልክለታለሁ»። አንተ ‹ቁራ ሲርበው ይበላል› ትል ይሆናል። በል። እኔ ግን አጥሩ ላይ የነበረው ቁራ ዘልሎ ሲበላ በዐይኔ አይቻለሁ፤ አክስታችንም እዚያው መሬት ላይ ተዘርፍጣ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ዶክተሩ ለሰብሳቢዎቹ አሰማቸው። ሦስተኛው ስንኝ ሲመጣ ያ ሁሉ ሽማግሌ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀርቅሮ ሰማ፤ አንድም እጅ አልወጣም። «የማን ነው?» ሲሉት «የማንዳ» አላቸው። ስሟ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ሙሽራዋ ግን አልነበረችም።

ካሴቱን ወደ ማስካት ለሚመለሰው ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ግልባጩ ዶክተሩ ዘንድ አለ። ከአመዷም ጥቂት በነሐስ ማሰሮ አስቀምጬልሃለሁ፤ ፈቃድ ስታገኝ ና፣ ናርማዳ አብረን እንወርዳለን። ዘንድሮ ለዲዋሊ በዓል መብራት አናበራም፣ እናንተም አታብሩ።

አክስታችን ጤና ይስጥህ ብላለች፤ «ጨጓራውን ሻይ አብዝቶ ነው፣ ይተው» በዪው ብላኛለች። ቫሳንትና ባለቤቱ ሰላም ብለውሃል። ዶክተር ሌሌ ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል፤ ጥርስህ ካመመህ እንዳትደብቀው ይልሃል። ናሊኒን እህቴን በጉንጯ ሳምልኝ። ማዱራን በግንባሯ ሳምና አያትሽ ዘፋኝ ነበረች በላት፤ ትምህርት ቤትም ሄዳ ትናገር፤ ያላመናት ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ።

አሁን ካሴቱን ክተት። መጀመሪያ የምትሰማት እናትህ አይደለችም፤ እንዳትሳሳት። ከሥሯ ያለችውን ቀጭኗን ስማ። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ እንዳታጠፋው፤ የመርፌውን ሽሽ ማለት ታገሠው። ስንኙ ይመጣል፣ የአክስታችን ድምፅም ይመጣል፣ ከዚያም በስምህ ትጠራሃለች። ያለችህን እኔ አልጽፍም፤ ከራሷ አፍ ስማው።

እህትህ ቫትሳላ
ኢንዶር፣ ዲዋሊ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ 1987